«አወቅሽኝ?» ማለትን ስለ መተው፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከባሕር ዳርና ከጎንደር የተጻፉ ሲሆኑ፣ ሦስቱም የመርሳት በሽታ ከያዘው የቅርብ ሰው ጋር እንዴት ሳይራራቁ መኖር እንደሚቻል ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ቤት ውስጥ ያለውን ችግር ስለሚነካ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚገልጡ ዝርዝሮችን አውጥተናል።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ወጣትነቷን ያሳለፈችው በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪሞች መርምረው አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ እንደያዛት ነገሩን። አሁን አንዳንድ ቀን በሟች እኅቷ ስም ትጠራኛለች። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ነጠላዋን ትለብስና «ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው» እያለች ከበሩ ጋር ትታገላለች። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን አባቴን መጠየቋ ነው። አባቴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ መሞታቸውን በነገርኳት ቁጥር እንደ አዲስ ታለቅሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተመልሳ «የት ሄደ?» ትለኛለች። ወንድሞቼ ከአዲስ አበባ ሲመጡ «እኔ ማነኝ? አወቅሽኝ?» እያሉ ያስጨንቋታል። ሳታውቃቸው ስትቀር ይከፋቸዋል፤ ታላቁማ «ብመጣም ብቀርም ለእሷ ያው ነው» ብሎ መምጣቱን ቀንሷል። እኔም አንዳንዴ በሕይወት እያለች ያጣኋት ይመስለኛል። እውነቱን ልንገራት ወይስ ልዋሻት? እንዴትስ አድርጌ ልቅረባት?
(ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከታላቅ ወንድምዎ አባባል እንጀምር፤ በብዙ ቤት የሚነገር ነው፣ ስሕተትም ነው። የመጣውን ሰው ማንነት አለማስታወስ አንድ ነገር ነው፤ መምጣቱ ያመጣው ደስታ አለመሰማቱ ሌላ ነገር ነው። በአልዛይመር ቀድሞ ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ የሚባለውና አዲስ ገጠመኝን ይዞ የሚያቆየው ክፍል በመሆኑ፣ የዛሬ ጠዋቱ ቁርስ ሲረሳ የ1960ዎቹ ፋብሪካ ግን ከነጓደኛው፣ ከነአለቃው ይታወሳል። ስሜት ደግሞ ከዚህ በተለየ መንገድ ይቆያል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአልዛይመር ሕመምተኞች አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቁራጮችን አሳይተው ነበር። ሕመምተኞቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስላዩት ፊልም ሊናገሩ የቻሉት እጅግ ጥቂት ነበር፤ ኀዘኑና ደስታው ግን ፊልሙ ከተረሳ በኋላም አብሯቸው ቆይቷል። ስለዚህ ወንድምዎ ከሄዱ በኋላ እናትዎ ማን እንደመጣ መናገር ባይችሉም፣ ያን ቀን ረጋ ብለው ከዋሉና እራታቸውን ሳያስቸግሩ ከበሉ የጉብኝቱ ፍሬ እሱ ነው። ተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ በጥያቄ ተፋጥጠው ያፈሩ እንደሆነ ጥያቄው ይረሳና ሐፍረቱ ይቀራል፤ ምክንያቱን የማያውቁት ኀዘን ይዟቸው ይመሻል።

«አወቅሽኝ?» ማለት ለጤነኛ አዛውንት ጨዋታ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የተገናኘ ዘመድ ሁሉ የሚለው ነውና ወንድሞችዎ በክፋት እንዳላደረጉት እናምናለን። ለእናትዎ ግን መውደቃቸው አስቀድሞ የታወቀ ፈተና ነው። በእኛ አስተያየት በቤትዎ ውስጥ መለወጥ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ የማስታወሱ ሥራ ከእርሳቸው ትከሻ ላይ ወርዶ ወደ እናንተ ይምጣ። እንግዳ ገና ከደጅ ሳለ እርስዎ ቀድመው «እማዬ፣ የመጀመሪያ ልጅሽ ከአዲስ አበባ መጣልሽ» ይበሉ። ወንድምዎም ጉልበት ስመው፣ ከፊት ለፊታቸው ዝቅ ብለው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ይዘው፣ በአጭር በአጭሩ ይናገሩ፤ መልስ እስኪመጣም ይታገሡ፤ የዘገየ ሁሉ የጠፋ አይደለምና። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ አይናገር፤ የመስማት ችግር ካለባቸውም ጆሯቸውን ያስመርምሩ፤ ያልሰማ ሰው የረሳ ይመስላልና።

ከዚያስ ምን ይወራል? እዚህ ላይ ከጥያቄ የሚሻል፣ በእጃችን ያለ ነገር አለ፤ ምርቃት። እናትዎን «እኔ ማነኝ?» ከማለት ይልቅ «እማዬ፣ መርቂኝ» ይበሏቸው። ምርቃት ከልጅነት ጀምሮ ሲሰማና ሲባል የኖረ፣ አንዱ ቃል ሌላውን እየጠራ የሚወርድ ንግግር ስለሆነ፣ ተራ ወሬ ጀምረው መጨረስ ያቃታቸው አዛውንቶች እንኳ ብዙ ጊዜ ሳይደናቀፉ ይወጡታል። የተመራቂው ስም መታወቅም አያስፈልገውም። «አሜን» ባዩ ልጅ ሲሆን መራቂዋ እናት ናትና፣ ቀኑን ሙሉ ታጠቢ፣ ብዪ፣ ተቀመጪ ሲባሉ የዋሉ ሰው ለዚያች ቅጽበት የቤቱ ታላቅ ይሆናሉ። ታላቅ ወንድምዎ ከአዲስ አበባ የሚመጡበት ምክንያት ከጠፋባቸው ለመመረቅ ይምጡ።

በእኅታቸው ስም ስለ መጠራትዎ ደግሞ አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። አእምሯቸው ወደ ወጣትነታቸው ዘመን በተመለሰ ጊዜ በዚያ ዘመን ልጃቸው ወይ አልተወለደችም ወይ ገና ሕፃን ናት፤ ፊታቸው የተቀመጠችው፣ ድምፅዋም መልኳም ዘመድ ዘመድ የሚለው ጎልማሳ ሴት ደግሞ እኅት ካልሆነች ማን ልትሆን ትችላለች? ማንነትዎን ሳይሆን ዘመኑን ነው የሳቱት። «አይደለሁም» ብለው ማረምዎ የሚጠቅመው ነገር የለም። «አቤት» ብለው፣ ስለዚያች እኅታቸው ያውሩ ዘንድ ይተዉዋቸው፤ ከዚህ በፊት ያልሰሙትን ታሪክ ሊሰሙ ይችላሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። በአገራችን መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። የአባትዎን ሞት በየቀኑ ለእናትዎ መንገር፣ ያለ ደጋፊና ያለ ለቅሶኛ፣ በየቀኑ መርዶ ማርዳት ነው። ሰምተው ተጽናንተው የሚያልፉት ኀዘን ቢሆን ኖሮ እውነቱን መንገር ይገባ ነበር፤ ነገር ግን መጽናናት ማስታወስን ይፈልጋል፤ እርሳቸው ዘንድ የሚደጋገመው የመጀመሪያው ድንጋጤ ብቻ ነው። ስለዚህ አይንገሯቸው። ይህ ማለት ግን «ገበያ ሄደዋል፣ አሁን ይመጣሉ» ማለት አለብዎ ማለት አይደለም፤ ቆመው የሚጠብቁ ከሆነ እሱም ሌላ ጭንቀት ይፈጥራል፣ የእርስዎንም ኅሊና ይከብደዋል። «የት ሄደ?» በሚለው ጥያቄ ሥር ብዙ ጊዜ ናፍቆት ወይም ብቸኝነት አለና ለእሱ ይመልሱ፦ «አባዬ ናፈቀሽ? እስቲ እንዴት እንደተጋባችሁ ንገሪኝ።» በዚህ ውስጥ ሐሰት የለም። በአንጻሩ እናትዎ አእምሯቸው በጠራበት ሰዓት ዓይን ዓይንዎን እያዩ «ሞቷል እንዴ?» ብለው በቀጥታ የጠየቁ እንደሆነ፣ አቅፈው፣ በአጭሩ እውነቱን ይንገሯቸውና አብረዋቸው ይዘኑ። በሁለቱ መካከል የመለየቱ ጥበብ ፊታቸውን ዕለት ዕለት የሚያዩት የእርስዎ ነው።

ሰርቪሱንም በዚሁ መንገድ ይያዙት። «ጡረታ ከወጣሽ ስንት ዓመትሽ!» ብሎ መከራከር ከዕለት እንጀራቸው የሚከለክላቸው ሰው ያስመስልዎታል። «ቁርስ ሳትቀምሺማ አትወጪም» ይበሏቸውና አስቀምጠው «ፈረቃው እንዴት ነበር? ማን ጎን ነበር የምትቆሚው?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ሲጀመር መውጣቱ ይረሳል። ሌሊት ሊያስነሣቸው የሚችለው ሽንት፣ ጥማት ወይም ሕመም ሊሆን ስለሚችልም ይህን አስቀድመው ይመልከቱ፤ ቀን ላይ ፀሐይ እንዲሞቁና እንዲንቀሳቀሱ፣ የቀን እንቅልፋቸውም እንዲያጥር ያድርጉ፤ ማታ ማታ ቡና ይቅርባቸው። በሩ ላይ ሲከፈት የሚሰማ ቃጭል ይስቀሉ። ከተማችን ሐይቅ ዳር ያለች በመሆኗ መንገድ ስቶ የወጣ አዛውንት ጉዳይ ለነገ አይባልም፤ ለዕድሩ ሰዎች፣ ለባለሱቁና በሠፈሩ ለሚቆሙ የባጃጅ ሾፌሮች ሁኔታውን ሳያፍሩ ይንገሩ፤ ስልክ ቁጥርዎን በጨርቅ ላይ ጽፈው በቀሚሳቸው የውስጥ ጠርዝ ላይ ይስፉት። «ጃጁ ይሉብኛል» ብሎ መደበቅ ዋጋው ከባድ ነው።

እናትዎ ፈትል ክፍል የሠሩ ናቸው፤ በዚያ ላይ በልጅነታቸው እንዝርት ያልያዙ አይመስለንም። እጅ የለመደው ሥራ ቃል ከሚይዘው ትዝታ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ባዘቶና እንዝርት ፊታቸው ያኑሩና ይመልከቱ። ክሩ ቢበጣጠስ፣ ልቃቂቱም ጎርባጣ ቢሆን ምን ይላል? ከእርሳቸው አጠገብ ተቀምጠው እርስዎም ቢሞክሩ ደግሞ አስተማሪ ይሆናሉ። እንዝርቱ ባይሳካ ምስር መልቀም፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ነጠላ ማጠፍ አለ። የለቀሙትን ምስር እንደገና መልቀም ካስፈለገዎ፣ ቆይተው በሌላ ክፍል ይሁን፤ በፊታቸው የታረመ ሥራ ሥራ አይባልም። ቡናውን እሳት አጠገብ ሆነው እንዲቆሉ አይተዉ፤ ግን ጭሱን የሚያሸቱት፣ «ደረሰ» የሚሉትና የመጀመሪያውን ሲኒ የሚቀበሉት እርሳቸው ይሁኑ።

«በሕይወት እያለች ያጣኋት ይመስለኛል» ያሉት እውነተኛ ኀዘን ነው፤ ለቅሶ ቤት ያልተቀመጡለት፣ ማንም «እግዜር ያጥናሽ» ያላለዎት ስለሆነም ይከብዳል። ለዚህ የምናቀርበው ቀላል መድኃኒት የለንም። ነገር ግን የደከመ ሰው ገር ሆኖ መናገር አይሆንለትምና ወንድሞችዎ ከሚልኩት ገንዘብ ሌላ ቀን ይስጡዎት፤ አንደኛቸው በየተወሰነ ጊዜ መጥተው ጥቂት ቀናት እንዲይዙልዎ፣ እርስዎም በነዚያ ቀናት ከቤት ወጥተው እንዲያርፉ፣ ይህንን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ድርሻቸው ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ጎንደር ሲሆን 81 ዓመት የሆናቸው አባቴ ዘጌ ከእኅቶቼ ጋር ናቸው። መሪጌታ ስለሆኑ ዳዊቱንም ውዳሴ ማርያሙንም እስከ ዛሬ በቃላቸው ያዘልቃሉ። ነገር ግን ቁርስ መብላታቸውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይክዳሉ፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዕድሜ ልካቸውን በሚያውቁት የቡና ደን ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው ሰው መለሳቸው። እኅቶቼ «ዳዊት በቃሉ የሚደግም ሰው ምን በሽታ አለበት? ጸበል ይበቃዋል» ይላሉ። እኔ በስልክ ሳናግራቸው ወሬያችን ከ«ደኅና ነኝ» አያልፍም። ምን ይሻላል?
(ከጎንደር)

መልስ፦ እኅቶችዎ ያዩት ነገር ትክክል ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን አይደለም። በልጅነት በአብነት ትምህርት ቤት በዜማና በድግግሞሽ የተቀረጸ ቃል ዛሬ ጠዋት ከተበላ ቁርስ ጋር በአንድ ቦታ አይቀመጥም፤ በሽታው አዲሱን እየበላ ለረጅም ጊዜ አሮጌውን ሊተወው ይችላል። በሚያውቁት መንገድ መጥፋታቸው ከዳዊቱ ይልቅ የሚመዝን ምልክት ነው።

ቀዳሚው ነገር ምርመራ ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በመኪናም በጀልባም የሚደረስበት ነውና ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይውሰዷቸው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆኑት መንስኤው አልዛይመር ነው። እርሱን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ምልክቶቹን ለጊዜው የሚያለዝቡ ግን አሉ። ይሁን እንጂ መርሳትን የሚያመጡ፣ ቢታከሙ የሚሻሻሉ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ድባቴ፣ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ በራስ ቅል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም፣ እንዲሁም የሚወስዱት መድኃኒት ራሱ። የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። ጸበሉን ማንም አይከለክላቸውም፤ እምነታቸው ነው፣ ብርታታቸውም ነው። የ81 ዓመት ሰው በቀዝቃዛ ውኃ እንዳይመታና በርጥብ ድንጋይ ላይ እንዳይንሸራተት ብቻ ይጠበቁ፤ የታዘዘላቸውም መድኃኒት ለጸበል ተብሎ አይቋረጥ። የጾሙን ነገር ከነፍስ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ።

ስልኩን በተመለከተ፣ ያን «ደኅና ነኝ» የሚያመጣው ጥያቄው ይመስለናል። «ምን በሉ? የት ዋሉ? ማን መጣ?» ሁሉም የዛሬን ትዝታ ይፈልጋሉ፤ የሌለውን ሲጠየቁ ሰው በጨዋነት ይሸሻል። እርስዎ የመሪጌታ ልጅ ስለሆኑ ወደ እርሳቸው የሚያሻግረውን ድልድይ በእጅዎ ይዘውታል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነውና በቁርጥ ሰዓት፣ በተለይ ጠዋት፣ ይደውሉና «አባዬ፣ ጎንደር ያለሁት ልጅዎ ነኝ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የረቡዑን አብረን እናድርስ» ብለው ይጀምሩ፤ ጥቂት ሄደው ዝም ይበሉ፤ አባትዎ ይቀበሉዎታል። ዕለቱን ማስታወስ ሳይጠየቁ ዕለቱን አወቁ፤ እርስዎም የልጅነት ተማሪ ሆኑ። ቢሳሳቱ አያርሙ፤ አርመው የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው፤ እርስዎ ሲሳሳቱ ግን እንዲያርሙዎት ይተዉ። ከእኅቶችዎ አንዷ አጠገባቸው ተቀምጣ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ትክፈት፤ ከቻላችሁ በምስል ይሁን፤ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ያልገባው ሰው ይደነግጣልና። ኔትወርክ በማይኖርበት ቀን እንድታሰማቸው ድምፅዎን ቀድተው ይላኩላት። ዜና ሊነግሯቸው ሲፈልጉም ራስዎ ይናገሩ እንጂ አይጠይቁ፤ «ዝናቡ እዚህ ጀምሯል፤ ዘጌ ቡናው ሲያብብ ትዝ አለኝ» ካሉ ለመመለስም ዝም ለማለትም ነጻ ናቸው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አያቴ የወርቅ መስቀሏን ደብቃ ትረሳውና «አንቺ ሌባ፣ ሰርቀሽኛል» ትለኛለች። ጎረቤት ፊት ሳይቀር ትሰድበኛለች። ድሮ በጣም ነበር የምትወደኝ። ከዚህ ሳምንት ወዲህ ደግሞ ብሶባት ግድግዳው ላይ ሰው አለ ትላለች። መቅረብ ፈራኋት።
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እኅታችን፣ መጀመሪያ የመጨረሻውን እንመልስልሽ፤ አስቸኳይ ነውና። በቀናት ውስጥ በድንገት የሚመጣ መባስና የሌለ ሰው ማየት የመርሳት በሽታው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ ከባድ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት አዛውንትን እንዲህ ያደርጋል፤ ሲታከምም አብዛኛውን ጊዜ ይሻሻላል። ይህንን ዛሬውኑ ለእናትሽ አንብቢላትና ወደ ሐኪም ትውሰዳት። ማስታገሻ ብላችሁ ከፋርማሲ በራሳችሁ ምንም አትግዙ።

ስድቡን በሚመለከት፣ አያትሽ ያስቀመጠችበትን አታስታውስም፤ ማስቀመጧንም አታስታውስም፤ መስቀሉ ግን የለም። አእምሮዋ ያንን ክፍተት የሚሞላበት አንድ መልስ ብቻ ያገኛል፤ ሰው ወስዶታል። ቅርቧ ያለሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። «አልሰረቅሁም» እያልሽ አትሟገቺ፤ «መስቀሉ ጠፋ? ነይ አብረን እንፈልገው» በያት፤ ስትፈልጊም የምትደብቅባቸውን ቦታዎች፣ ትራሷን፣ የእህል ዕቃውን፣ የነጠላዋን ጫፍ ልብ በይ፤ ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙ ናቸው። ያገኘሽው አንቺ ብትሆኚም እርሷ እንድታገኘው አድርጊ፤ አንቺ ካወጣሽው «ይኸው ሰርቃ ነበር» ልትል ትችላለችና። ጎረቤቶችንም እናትሽ ታናግራቸው፤ ይህ የአንቺ ሥራ አይደለም። አመሻሽ ላይ ብዙዎቹ ይረበሻሉና በዚያ ሰዓት ጥናትሽን በሌላ ክፍል አድርጊ፤ ከእርሷ ጋር የምትቀመጪው ጠዋት ወይም ቀትር ላይ ይሁን። የወርቁን መስቀል እናትሽ ትቆልፍበት፤ ለአያትሽ መልኩ የሚቀራረብ ርካሽ መስቀል በማተብ አድርጋችሁ እሰሩላት፤ አንድ ሁለት ትርፍም ግዙ።